ከበሮና ባዶ እጅ፤ የጆን ቦናም ሕይወትና ሥራ

በዘመናዊ የሙዚቃ ጓድ ውስጥ የከበሮ መቺው ሥፍራ ዘወትር ከኋላ ነው። ዘፋኙ ከፊት ይቆማል፤ ጊታር ተጫዋቹ በመድረኩ ግራና ቀኝ ይመላለሳል፤ ከበሮ መቺው ግን በመሣሪያዎቹ ተከቦ ስለሚቀመጥ ተመልካች ድምፁን እንጂ ፊቱን እምብዛም አይለየውም። ዋና ሥራው ጊዜን መጠበቅ ነው። ጊዜው በትክክል ሲጠበቅ የሚያመሰግነው የለም፤ ጥቂት ሲዛነፍ ግን አዳራሹ ሁሉ ያውቅበታል። ይህ የሥራ ክፍፍል ለብዙ ዘመን እንደ ሕግ ተቆጥሮ ኖሯል።

ሌድ ዜፐሊን በተባለው የእንግሊዝ የሮክ ጓድ ውስጥ ከ1968 እስከ 1980 ድረስ የተጫወተው ጆን ሄንሪ ቦናም ይህን ሕግ ሳያፈርስ ያሰፋ ሰው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጊዜ ጠባቂነቱን ለአንድ አፍታ እንኳ አልተወም። ነገር ግን በየምሽቱ ባልደረቦቹ መድረኩን ለቀውለት ሲወጡ፣ መምቻ በትሮቹን ጥሎ ከበሮውን በባዶ እጁ ይመታ፣ ከዚያም ከሲምፎኒ ኦርኬስትራ ወደተወሰዱት ወደ ቲምፓኒና ወደ ጎንግ ይዞር ነበር። ይህ የብቻ ጨዋታ ብዙ ጊዜ ከሃያ ደቂቃ አያንስም፤ ግማሽ ሰዓት የደረሰባቸው ምሽቶችም ነበሩ።

በዚያ ዘመን እንግዳ የሆኑ የምት መሣሪያዎችን ወደ ሮክ መድረክ ያወጣ እርሱ ብቻ አልነበረም። ከእርሱ የበለጡ ብዙ መሣሪያዎችን የደረደሩም ነበሩ። ታዲያ ቦናም ካለፈ ከአርባ ዓመታት በኋላም ስሙ በከበሮ መቺዎች ዘንድ በቀዳሚነት የሚነሣው ስለምንድን ነው? ምክንያቱ በመሣሪያዎቹ ብዛት ወይም እንግድነት ሳይሆን እነርሱን በፈለገበት ጉዳይ ላይ የተመሠረተ መሆኑን ሕይወቱ ራሱ ያስረዳል። ያ ፍለጋ ያስከፈለው ዋጋም የታሪኩ አንድ ክፍል ነው።

ቦናም ግንቦት 31 ቀን 1948 በእንግሊዝ አገር፣ በዉስተርሺር አውራጃ፣ ሬዲች በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ የአናጢነትና የግንባታ ሥራ ተቋራጭ ነበር። ልጁ ገና በአምስት ዓመቱ በቤት ውስጥ ያገኘውን ቆርቆሮና ባዶ ጣሳ ሁሉ ደርድሮ መደብደብ ጀመረ፤ ከጣሳው ሥር ሽቦ እያሰረም የስኔር ከበሮን መንሿሿት ለማስመሰል ይሞክር ነበር። የልጅ ጨዋታ ነው ተብሎ ሊታለፍ የሚችል ነገር ነው። ሆኖም ኋላ በትልቅ ሰውነቱ የሠራው ሥራ ሥሩ ከዚሁ ይጀምራል። ድምፅ ያለበትን ዕቃ ሁሉ መሣሪያ አድርጎ የማየት ጠባይ ከልጅነቱ አብሮት ነበርና።

አሥር ዓመት ሲሞላው እናቱ የስኔር ከበሮ ገዛችለት። በአሥራ አምስት ዓመቱ ደግሞ አባቱ ፕሪሚየር ከተባለው ፋብሪካ የተሠራ ሙሉ የከበሮ ስብስብ ሰጠው። መደበኛ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አልገባም። መምህሮቹ የአሜሪካ የጃዝ ከበሮ መቺዎች ሸክላዎችና ፊልሞች ነበሩ። ጂን ክሩፓን፣ በዲ ሪችን፣ ማክስ ሮችን እየሰማ አደገ፤ ጆ ሞሬሎ በጣቶቹና በመዳፉ ከበሮ ሲመታ መስማቱም በአእምሮው ታትሞ ቀረ። የከተማው ከበሮ መቺዎችንም እየዞረ ይጠይቅ ነበር።

በ1964 ትምህርቱን ሲጨርስ ከአባቱ ዘንድ የአናጢነት ሙያ ተለማማጅ ሆኖ ገባ። ቀን ጡብና ሳንቃ ይሸከማል፤ ማታ በበርሚንግሃም አካባቢ በሚገኙ መጠጥ ቤቶችና ክበቦች ይጫወታል። ቴሪ ዌብ ኤንድ ዘ ስፓይደርስ፣ ዘ ሴኔተርስ፣ ኤ ዌይ ኦቭ ላይፍ ከተባሉት ጓዶች ጋር በየተራ ሠርቷል። በወጣትነቱ ትዳር ስለመሠረተና በ1966 ወንድ ልጅ ስለወለደ ሙዚቃው ቤቱን መመገብ ነበረበት፤ ሁልጊዜ ግን አይበቃም ነበር።

በዚያን ጊዜ ስሙ በአካባቢው የታወቀው በድምፁ ኃይለኝነት ነው። የባስ ከበሮውን ውስጠኛ ክፍል በአሉሚኒየም ወረቀት ለብጦ ድምፁ እንዲጎላ ያደርግ እንደነበር ይነገራል። ጩኸቱ በዛ ብለው ያባረሩት ክበቦች እንደነበሩ፣ ድምፁን መቅዳት አይቻልም ያለ ስቱዲዮም እንዳጋጠመው የሚተርኩ አሉ። ነገር ግን በጩኸትና በጉልህ ድምፅ መካከል ልዩነት አለ። ቦናም የከበሮውን ቆዳ በደንብ ወጥሮ፣ በውስጡ ትራስና ጨርቅ ሳይጠቀጥቅ፣ መሣሪያው እንደተሠራ እንዲያስተጋባ ይተወው ነበር። ስለዚህም ከባስ ከበሮው የሚወጣው ዱብታ ብቻ ሳይሆን ቃና ያለው ድምፅ ነበር።

ከወጣቱ ዘፋኝ ከሮበርት ፕላንት ጋር የተዋወቀው በዚያው አካባቢ ነው። ሁለቱ ክሮሊንግ ኪንግ ስኔክስ በተባለው፣ ቀጥሎም ባንድ ኦቭ ጆይ በተባለው ጓድ አብረው ሠሩ። በ1968 የጊታር ተጫዋቹ ጂሚ ፔጅ አዲስ ጓድ ሊያቋቁም ፕላንትን ሲመርጥ፣ ፕላንት በበኩሉ የቦናምን ስም አነሣ። ቦናም በዚያ ጊዜ ከአሜሪካዊው ዘፋኝ ከቲም ሮዝ ጋር እየዞረ በሳምንት የተቆረጠ ደመወዝ ያገኝ ስለነበር ለማይታወቅ ጓድ ሲል እንጀራውን ለመተው አመነታ። ጆ ኮከርና ክሪስ ፋርሎውም ይፈልጉት ነበር። ፕላንትና የጓዱ ሥራ አስኪያጅ ፒተር ግራንት ቴሌግራም በቴሌግራም ላይ ካዥጎደጎዱለት በኋላ ተስማማ። የባስ ጊታርና የኪቦርድ ተጫዋቹ ጆን ፖል ጆንስ አራተኛው አባል ሆነ። አራቱ በነሐሴ 1968 በለንደን በአንዲት ጠባብ ክፍል የመጀመሪያውን ልምምድ አደረጉ፤ በመስከረም መጀመሪያ በዴንማርክ ለሕዝብ ቀረቡ፤ በዓመቱ መጨረሻም በአሜሪካ ዙሪያ መጫወት ጀመሩ።

በዚህ የመጀመሪያ የአሜሪካ ጉዞ አብሯቸው የነበረው የቫኒላ ፈጅ ከበሮ መቺ ካርማይን አፒስ ከሉድቪግ ፋብሪካ ጋር አስተዋወቀው። ከዚያ በኋላ ቦናም እስከ ዕለተ ሞቱ የተጫወተው በሉድቪግ ከበሮዎች ነው። ባስ ከበሮው ሃያ ስድስት ኢንች፣ ይኸውም ስድሳ ስድስት ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ዲያሜትር ነበረው፤ ይህም በሮክ ዘንድ ከተለመደው የሚበልጥና የድሮዎቹን የጃዝ ጓዶች መጠን የሚያስታውስ ነው። ለጥቂት ጊዜ ሁለት ባስ ከበሮ ለመጠቀም ሞክሮ ነበር፤ ባልደረቦቹ ስለበዛባቸው ሁለተኛው እንዲነሣ ሆነ። እርሱም በአንድ ቀኝ እግሩ ብቻ ሌሎች በሁለት እግር የሚያወጡትን ፈጣን ምት ማውጣት ቻለ። በ1969 በወጣው የመጀመሪያው ሸክላቸው መክፈቻ ዜማ ላይ ያለው የእግር ምት የዘመኑን ከበሮ መቺዎች ሁሉ ያስደነቀ ነው። ከ1973 እስከ 1975 ድረስ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ቀለሙ እንደ ማር የሆነ የፕላስቲክ ከበሮ፣ ኋላም ከማይዝግ ብረት የተሠራ ስብስብ ተጠቅሟል። የስብስቡ አቀማመጥ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብዙም አልተለወጠም።

እዚህ ላይ የዘመኑን መድረክ ጠቅላላ መልክ ማስታወስ ያስፈልጋል። የሮክ ሙዚቃ ከጅምሩ በጊታርና በአንድ የከበሮ ስብስብ ላይ የቆመ ቢሆንም፣ ሌላ የምት መሣሪያ ጨርሶ አልጠፋበትም። በ1950ዎቹ አጋማሽ ቦ ዲድሊ ማራካስ የተባለውን የላቲን አሜሪካ መንኳኪያ የጓዱ መለያ አድርጎት ነበር። በ1966 ጂንጀር ቤከር ረጅሙን የከበሮ የብቻ ጨዋታ በሮክ ሸክላ ላይ አስቀረጸ። በ1967 የዘ ሁ ከበሮ መቺ ኪት ሙን በአሜሪካ ቴሌቪዥን ፊት ባስ ከበሮውን በባሩድ አፈነዳ። በ1969 የሳንታና ጓድ ኮንጋና ቲምባሌስ ይዞ በዉድስቶክ ሜዳ ቀረበ። በ1971 ፒንክ ፍሎይድ በጥንታዊቷ በፖምፔ ፍርስራሽ ውስጥ ሲጫወቱ ሮጀር ዋተርስ ትልቅ ጎንግ ሲደበድብ የሚታይበት ፊልም ተነሣ። በ1972 ጄሚ ሙር የኪንግ ክሪምሰንን ጓድ ተቀላቅሎ ሰንሰለት፣ ቆርቆሮ፣ ደወልና የልጆች መጫወቻ ሳይቀር በመድረክ ላይ መታ። በ1974 ካርል ፓልመር ከብረት በተሠራ ከባድ ስብስብ መካከል ተቀምጦ፣ የደወል ገመድ በጥርሱ እየሳበ ታየ።

ከእነዚህ መካከል አንዳንዱ ለጆሮ፣ አንዳንዱም ለዓይን የተደረገ ነው። የመድረኩ ስፋት ራሱ ይህን ይጠይቅ ነበር። በግንቦት 1973 ሌድ ዜፐሊን በፍሎሪዳ ግዛት በታምፓ ስታዲየም ሲጫወቱ ከሃምሳ ስድስት ሺህ በላይ ሕዝብ ተገኝቶ ነበር። ከሩቅ የቆመው ተመልካች ከበሮ መቺውን የሚያየው የአውራ ጣት ያህል ሆኖ ነው። እንዲህ ባለ ሥፍራ አንድ ሰው ብቻውን፣ ያለ ዜማ መሣሪያ፣ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ሕዝቡን ይዞ መቆየት ካለበት የሚናገርበት ከአንድ በላይ ድምፅ ያስፈልገዋል። ቦናም ወደ ቲምፓኒና ወደ ጎንግ የዞረው በዚህ ምክንያት ነው።

ቲምፓኒ ከመዳብ የተሠራ፣ የድስት ቅርጽ ያለው ከበሮ ነው። ከሌሎች ከበሮዎች የሚለየው የተወሰነ ቃና እንዲሰጥ መወጠር የሚቻል በመሆኑ ነው፤ በዘመናዊዎቹ ላይ ይህ በእግር መርገጫ ይሠራል። ዝርያው ወደ ምሥራቅ የሚወስድ ነው። በአረብኛ ነቃራ የተባለው የጦርና የቤተ መንግሥት ከበሮ በአንድ ወገን በመስቀል ጦርነትና በቱርኮች አማካይነት አውሮፓ ገብቶ ቲምፓኒ ሲሆን፣ በሌላ ወገን ደግሞ ወደ እኛ ዘልቆ አዋጅ የሚታወጅበት ነጋሪት ሆኗል። ስለዚህ በሎስ አንጀለስ ወይም በኒውዮርክ አዳራሽ ከቦናም ጎን ተቀምጠው የነበሩት ሁለት የመዳብ ድስቶች ለነጋሪት የሩቅ ዘመዶች ናቸው። ቦናም በእነርሱ ላይ ያገኘው የቃናን ጥቅም ነው። የስኔሩንና የቶሙን ፈጣን ምት ካሳለፈ በኋላ ወደ ቲምፓኒ ሲዞር ከበሮው ዜማ መሰል ድምፅ ያወጣል፤ የመርገጫው ግፊት ሲለወጥም ድምፁ ወደ ላይ ይወጣል፣ ወደ ታች ይወርዳል። በኋለኞቹ ዓመታት ይህን ድምፅ በኤሌክትሪክ መሣሪያ እያሳለፈ ይበልጥ እንግዳ እንዲሆን አድርጎታል።

ጎንጉ ከስዊዘርላንዱ ፋብሪካ ከፓይስቴ የመጣ፣ ዲያሜትሩ አንድ ሜትር የሚጠጋ የነሐስ ሰሐን ነበር። መሣሪያው በምሥራቅ እስያ የቆየ ሲሆን፣ በአውሮፓ ኦርኬስትራ ውስጥ ከገባባቸው የመጀመሪያ ጊዜያት አንዱ በ1791 ፍራንሷ ዦዜፍ ጎሴክ ለሚራቦ ቀብር የደረሰው የሐዘን ሙዚቃ ነው። ከዚያ ጀምሮ የሞትና የድንጋጤ ምልክት ሆኖ አገልግሏል። ጎንግ መምታት ከውጭ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በድንገት በኃይል ከተመታ ድምፁ ይደርቃል። አስቀድሞ ጆሮ በማይሰማው ቀላል ምት ነሐሱን ማንቃት፣ ከዚያ በኋላ ዋናውን ምት ማሳረፍ ያስፈልጋል። ድምፁም ወዲያው አይወጣም፤ ከታች ጀምሮ እያበጠ ይመጣል። ቦናም ይህን መዘግየት የሚያውቅበት ነበር። በሐምሌ 1973 በኒውዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ተቀርጾ በ1976 በወጣው ፊልም መጨረሻ ላይ ጎንጉ በእሳት ተከቦ ይታያል። ይህ ለዓይን የተደረገ ትርኢት መሆኑ አይካድም። ከእሳቱ በስተኋላ ያለው ድምፅ ግን ትክክለኛ ሥፍራውን ይዞ የገባ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው እንግዳ መሣሪያው ግን ምንም ዋጋ ያልወጣበት ባዶ እጁ ነው። የአገራችንን ከበሮ ለሚያውቅ ሰው ይህ የሚያስገርም አይሆንም። ካህናቱ ከበሮውን በትከሻቸው አንግተው በሁለት እጃቸው ሲመቱ ሰፊው አፍ ወፍራሙን፣ ጠባቡ አፍ ቀጭኑን ድምፅ ይሰጣል፤ የመዳፍ፣ የጣትና የእጅ ጠርዝ ልዩነትም ሌላ ሌላ ቃና ያወጣል። በምዕራቡ የከበሮ ስብስብ ላይ ግን በትር የሌለው ከበሮ መቺ መሣሪያውን እንደ ጣለ ወታደር የሚቆጠር ነበር። ቦናም በብቻ ጨዋታው መካከል በትሮቹን ያስቀምጥና በመዳፉ ቶሞቹን፣ በጣቶቹ ስኔሩን፣ አልፎ አልፎም ሲምባሎቹን ሳይቀር በእጁ ይመታ ነበር። ድምፁ በአንድ ጊዜ ይለሰልሳል። አዳራሹም ዝም ይላል። ሲምባል በባዶ እጅ መምታት ቆዳ የሚልጥ ሥራ ነው፤ እጁ የደማባቸው ምሽቶች እንደነበሩ ይነገራል።

ይህ የብቻ ጨዋታ በመጀመሪያ በሚስቱ ስም የተሰየመ ነበር። በ1969 በሁለተኛው ሸክላቸው ላይ ሲወጣ ሞቢ ዲክ ተባለ። በሸክላው ላይ ከአራት ደቂቃ ጥቂት ያለፈ ነው፤ እርሱም ከረዘሙ ቅጂዎች ተቆራርጦ የተገጣጠመ ነው። እውነተኛው መልኩ የታየው በመድረክ ላይ ነው። ጥር 9 ቀን 1970 በለንደን ሮያል አልበርት ሆል የተቀረጸው ፊልምና በ1972 በካሊፎርኒያ ተቀድቶ በ2003 የታተመው አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ የሚያህል ቅጂ ለዚህ ምስክር ናቸው። አወራረዱን ለሚከታተል ሰው ሥርዓቱ ግልጽ ነው። ጊታርና ባስ አጭር ሐረግ አሰምተው ያቆማሉ፤ ቦናም በበትር ይጀምራል፤ ሐሳቡን በትንሹ ያቀርባል፤ ያንኑ እየደጋገመ ያሰፋዋል፤ በትሮቹን ጥሎ በእጁ ይቀጥላል፤ እንደገና በበትር ይነሣል፤ ከዚያም ባልደረቦቹ ተመልሰው የመጀመሪያውን ሐረግ ይዘጋሉ። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ቲምፓኒና ጎንግ በዚህ ቅደም ተከተል ውስጥ እንደ አዲስ ምዕራፍ ገቡ። በዚህ ሁሉ ውስጥ እግሩ አይቆምም። ባስ ከበሮውና ሃይ ሃቱ ጊዜውን ይጠብቃሉ። አድማጭ ረጅሙን ጨዋታ ሳይሰለች የሚከተለው መሬቱ ከሥሩ ስለማይናወጥ ነው።

ለድምፅ የነበረው ጉጉት በብቻ ጨዋታው ብቻ የተወሰነ አልነበረም። በ1970 በሦስተኛው ሸክላቸው ላይ ባለው አንድ የገጠር መንፈስ ያለው ዜማ ማንኪያዎችንና ካስታኔትን ተጫውቷል፤ ካስታኔቱንም ወደ መድረክ አውጥቶታል። በ1971 በወጣው አራተኛ ሸክላ ላይ በአንደኛው ዜማ በእያንዳንዱ እጁ ሁለት ሁለት በትር ይዞ መትቷል፤ የዜማው ስምም ከዚያ ወጣ። በዚያው ሸክላ የመጨረሻ ዜማ ላይ ደግሞ ሔድሊ ግሬንጅ በተባለው አሮጌ ቤት፣ ከበሮው ከደረጃው ሥር ባለው ሰፊ መግቢያ ተቀምጦ፣ የድምፅ መሐንዲሱ አንዲ ጆንስ ሁለት ማይክሮፎኖች ከላይ ከደረጃው አንጠልጥሎ ቀዳው። በዚህ ቅጂ የሚሰማው ከበሮው ብቻ አይደለም፤ ቤቱ ራሱ እንደ መሣሪያ ሆኖ ይሰማል። በ1976 በስዊዘርላንድ በሞንትሮ ከተማ ያለ ዜማ መሣሪያ የተቀዳውን የከበሮ ድርሰት ፔጅ በኤሌክትሪክ መሣሪያ አቀነባበረው፤ ለሕዝብ የደረሰው ግን ቦናም ከሞተ በኋላ፣ በ1982 ነው።

እዚህ ላይ የሕይወቱን ሌላ ገጽ መግለጥ ግድ ይሆናል። ቦናም የቤት ሰው ነበር። በ1972 በዉስተርሺር ገጠር የእርሻ ቦታ ገዝቶ ሔርፎርድ የተባሉትን ከብቶች ያረባ ነበር፤ ቤቱን በመሥራትም የአናጢነት ሙያውን አልረሳም። ከሚስቱና ከልጆቹ ለወራት መለየት ይከብደው ነበር። አውሮፕላን ይፈራል፤ ሥራው ግን በአውሮፕላን የሚኬድ ነው። ወደ መድረክ ከመውጣቱ በፊት ጭንቀት ይይዘው እንደነበር የቅርብ ባልደረቦቹ መስክረዋል። በመቶ ሺህዎች ፊት ግማሽ ሰዓት ብቻውን የሚቀመጥ ሰው እንዲህ ይፈራል ብሎ የሚጠረጥር ተመልካች አልነበረም። እርሱም ለፍርሃቱም ለናፍቆቱም መድኃኒት ያደረገው መጠጥን ነው።

መጠጡ ጠባዩን ለወጠው። በቤቱ የዋህና ለጋስ የሚባለው ሰው በጉዞ ላይ አስፈሪ የሚሆንባቸው ቀናት በረከቱ። በሐምሌ 1977 በካሊፎርኒያ በኦክላንድ ከተማ በሙዚቃው ዝግጅት ሥራ ላይ የነበረ ሰው በተደበደበ ጊዜ ከተከሰሱት መካከል ቦናም አንዱ ነበር፤ ፍርድ ቤትም በገደብ የተጣለ ቅጣት በየነበት። ይህን ከጥበቡ ለይቶ መደበቅ ታሪኩን ማጉደል ነው። በአንጻሩም በጥበቡ ላይ እንደ ጌጥ ማከል፣ ስካርን የችሎታ ምንጭ አስመስሎ መተረክ የባሰ ስሕተት ነው። የቀሩት ቅጂዎች የሚያሳዩት ቦናም ከሁሉ የላቀው ጆሮው ንቁ፣ እጁ ታዛዥ በነበረባቸው ምሽቶች መሆኑን ነው።

በ1980 ክረምት ጓዱ በአውሮፓ አጭር ጉዞ አደረገ። ጨዋታው እንዲያጥር ስለተወሰነ ረጅሙ የከበሮ የብቻ ጨዋታ ከዝግጅቱ ወጣ። ሰኔ 27 ቀን በጀርመን በኑረምበርግ ከተማ ሦስተኛው ዜማ እንዳለቀ ቦናም በመድረኩ ላይ ወደቀ፤ ትርኢቱም በዚያው ቆመ። ሐምሌ 7 ቀን በበርሊን የተደረገው ጨዋታ የመጨረሻቸው ሆነ። በጥቅምት ወደ አሜሪካ ለመጓዝ ታቅዶ ስለነበር መስከረም 24 ቀን ለልምምድ ተጠሩ። ቦናም በዚያ ቀን ከማለዳ ጀምሮ ቮድካ ሲጠጣ ዋለ፤ ልምምዱ ካለቀ በኋላም ቀጠለ። ሌሊቱን ወደ ፔጅ ቤት ወስደው አስተኙት። በማግሥቱ፣ መስከረም 25 ቀን 1980፣ ሞቶ ተገኘ። ምርመራው በእንቅልፍ ላይ እንዳለ ትውከቱ ትንፋሹን ዘግቶ እንደገደለው አረጋገጠ፤ ጠጥቶት የነበረው ቮድካም ወደ አርባ መለኪያ ተገመተ። የሞቱ ምክንያት ድንገተኛ አደጋ ተብሎ ተመዘገበ። ዕድሜው ሠላሳ ሁለት ዓመት ነበር።

ጓዱ ምትክ ለመቅጠር አልሞከረም። ታኅሣሥ 4 ቀን 1980 ባወጣው አጭር መግለጫ እንደቀድሞው መቀጠል እንደማይችል አስታወቀ። በሙዚቃ ጓዶች ታሪክ ውስጥ ከበሮ መቺ በሞተ ወይም በተለየ ጊዜ ሌላ ቀጥሮ መቀጠል የተለመደ ነው፤ ዘ ሁም ሙን በ1978 ሲሞት ያደረገው ይህንኑ ነው። የሌድ ዜፐሊን ውሳኔ እንግዲህ ከኋላ የሚቀመጠው ሰው ምን ያህል የሕንፃው መሠረት እንደነበረ በሥራ ያሳየ ምስክርነት ነው። ሦስቱ ባልደረቦች ታኅሣሥ 10 ቀን 2007 በለንደን ለአንድ ምሽት ሙሉ ትርኢት ሲሰባሰቡ፣ በቦናም ወንበር የተቀመጠው ልጁ ጄሰን ነበር። አባቱ ሲሞት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ የነበረ ነው።

ሥራው ከሮክ ውጭም ተሻግሯል። ከደረጃው ሥር የተቀዳው ያ ከበሮ በ1986 የቢስቲ ቦይስ ጓድ ባወጣው ሸክላ መክፈቻ ላይ ተቀንጭቦ ገብቷል፤ ከዚያም ወዲህ በሂፕ ሆፕ ቀራጮች ዘንድ በብዛት ከተገለበጡት ምቶች አንዱ ሆኗል። ሮሊንግ ስቶን የተባለው የአሜሪካ መጽሔት በ2016 የከበሮ መቺዎችን ዝርዝር ሲያወጣ በአንደኛ ደረጃ ያስቀመጠው ቦናምን ነው። የተወለደባት ሬዲችም በ2018፣ ቢኖር ሰባ ዓመት በሚሞላበት ዕለት፣ የነሐስ ሐውልት አቆመችለት።

ለሙያው ሰዎች ግን ከደረጃና ከሐውልት ይልቅ ሁለት ነገር ይበልጥ ይጠቅማል። የመጀመሪያው ስለ መሣሪያ ነው። በ1970ዎቹ ከበሮ ላይ ከበሮ፣ ጎንግ ላይ ደወል የደረደሩ ብዙዎች ነበሩ፤ ዕቃው ሲያረጅ ስማቸውም አብሮ ደብዝዟል። ቦናም ያከለው ጥቂት ነው፤ ሁለት ቲምፓኒ፣ አንድ ጎንግ፣ ሁለት እጅ። እያንዳንዱን የጨመረው የቀድሞው መሣሪያ ሊናገር የማይችለውን ነገር እንዲናገርለት ነው፤ ተናግሮ ሲያበቃም ዝም ያሰኘዋል። እንግዳ መሣሪያ በመድረክ ላይ ጌጥ ሆኖ የሚቀረው ሥራ ሲያጣ ነው።

ሁለተኛው ስለ መሣሪያው ባለቤት ነው። በጉዞው ሁሉ ቲምፓኒዎቹ በሣጥን ታሽገው፣ ጎንጉ በልብስ ተጠቅልሎ፣ የከበሮው ቆዳ በየጊዜው እየተለወጠ ይጠበቁ ነበር። ለዚህ የተመደቡ ሠራተኞችም ነበሩ። መሣሪያዎቹን ለሚመታው ሰው እንዲህ ያለ ጥበቃ ሊያደርግለት የተመደበ አልነበረም። ፍርሃቱ ይታወቅ ነበር፤ ናፍቆቱ ይታወቅ ነበር፤ መጠጡም የተሰወረ አልነበረም። ቢሆንም የጉዞው ቀን ይቆረጣል፣ ትኬቱ ይሸጣል፣ ሠላሳ ደቂቃው ይጠበቃል። ሰውዬው ራሱ ኃላፊነት አልነበረበትም ማለት አይደለም። ነገር ግን የአንድ ሙያ ሰዎች እርስ በርሳቸው የሚጠባበቁት በጩኸቱ መካከል ሳይሆን ጩኸቱ ካበቃ በኋላ ባለው ሰዓት መሆኑን የቦናም ታሪክ ያስገነዝባል።

ቦናም የተቀበረው በዉስተርሺር ገጠር፣ ከእርሻው ብዙም በማይርቀው በራሾክ መንደር በሚገኘው የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን አጥር ግቢ ነው። መንደሪቱ ትንሽ ናት። ከልዩ ልዩ አገሮች የሚመጡ ከበሮ መቺዎች መቃብሩን ተሳልመው ሲመለሱ ያገለገሉበትን ሲምባልና የመምቻ በትር ከድንጋዩ ሥር ትተው ይሄዳሉ።